ለጥላሸት፣ ስለ እንክብሎቻችን

ውድ ጥላሸት፣

ስልኬን ስለማታነሺ ነው የምጽፍልሽ። የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ያወጣልሽ ስም አሁንም ካበሳጨሽ ደህና ነሽ ማለት ነው።

ያን ቀን ከላቦራቶሪው ስትወጪ አልተከተልኩሽም። ምን ልበልሽ? እኔም እንዳንቺው አፍሬ ነበር። ካርቦን ያለበት ጋዝ በምድጃችን የጋለ ቱቦ ውስጥ ተሰባብሮ የተወልንን ጥቁር ብናኝ የመመርመሪያው መያዣ ላይ አድርገን መረመርነው፤ መሣሪያውም "ካርቦን ነው" ሲለን ላሜ ወለደች ብለን ተቃቅፈን ጮህን። ፕሮፌሰሩ ግን ብናኝ ያልነካውን ባዶ መያዣ አስገቡና ያንኑ ውጤት አሳዩን።

"ልጆች፣ መያዣው ራሱ እኮ በካርቦን የተለበጠ ነው! ያያችሁት እሱን ነው። በሉ ሌላ ርዕስ ፈልጉ" አሉን።

አንቺ ወንድምሽ ሱቅ ገብተሽ ቀረሽ። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። መያዣው አሳሳተን ማለት የሠራነው ነገር የለም ማለት ነው እንዴ? ካርቦን የሌለበት የሲሊኮን ቁራጭ ለምኜ አገኘሁ። መጀመሪያ ባዶውን መረመርኩት፤ ምንም የለበትም። ከዚያ ምድጃው ውስጥ አስገባሁትና ጋዙን ለቀቅኩ። በኔ ፍጥነት እንዳይመስልሽ! "ቀስ በይ፣ ማን አባረረሽ?" እያልሽ በምትጨቀጭቂኝ ፍጥነት ነው።

ጥላሸት፣ የካርቦን እንክብሎቻችን አሉ! ከፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ የሚያንሱ፣ ድቡልቡል፣ እንደ ዶቃ የተያያዙ። ደግሜ ሠራሁ፤ አሁንም አሉ። ማይክሮስኮፑ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የምጮህበት ሰው ስላጣሁ ነው መሰለኝ።

ፕሮፌሰሩ ምስሉን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጎበዝ! በይ ጽፈሽ አምጪ፣ በስምሽ ይውጣ።"

"በስማችን" አልኳቸው።

"እሷ እኮ ጥላ ሄደች።"

"እሷ ሄደች እንጂ ሥራዋ አልሄደም። የጋዙን ፍጥነት ልክ ያገኘችው እሷ ናት።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና "እንግዲያው ሐሙስ ትምጣና ራሷ ታስረዳኝ። ካልመጣች ስሟ አይገባም" አሉ።

ስለዚህ ስሚኝ። ሐሙስ ጠዋት ካልመጣሽ የኔም ስም አይገባም፤ ጽሑፉንም አላስረክብም። ይህን የምለው ላስፈራራሽ አይደለም፤ ያላንቺ ያልተሠራን ነገር ያላንቺ እንደተሠራ አድርጌ ስለማልፈርም ነው። አፍሬያለሁ ካልሽም አብረን እንፈር፤ ለብቻ ሲያፍሩ ይከብዳል።

ደግሞ ዝም ብለሽ የምትገላገይኝ እንዳይመስልሽ። ረቡዕ ሱቃችሁ በር ላይ ታገኚኛለሽ። እንቢ ካልሽ ወንድምሽ ጎን ቆሜ አብሬሽ ስኳር እመዝናለሁ።

ያላንቺ የማትገባው፣
የምድጃ ባልደረባሽ