ለሽማግሌዎችህ ያልነገርኳቸው

ለልጄ አባት፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? የሐዋሳ ሙቀት ሳይሻልህ አይቀርም፤ የጉለሌ ብርድ ድሮም አይስማማህም ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በደብዳቤ ወግ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም ተብሎ ይጻፋል። እኔ ግን አልጽፈውም። ብዙ ነገር ጎድሎብን ነበር፤ ናፍቆቱ ተራው ሳይደርሰው አለቀ።

ለምን በስልክ አልደወለችም እንዳትል። በስልክ እኔ አንዱን ሳልጨርስ አንተ ሌላውን ትጀምራለህ፣ ሲብስብህ ደግሞ ኔትወርኩ ነው ብለህ ትዘጋዋለህ። በወረቀት ግን ወደድክም ጠላህም እስክጨርስ ትሰማኛለህ። ጋሽ መሸሻ ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ሐዋሳ ስለሚወርዱ እሳቸው ያደርሱልሃል። መልሷን ይዤልህ እመጣለሁ ብለውህ የለ? ይኸው መልሱ።

የላክሃቸው ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስቱንም አስበህ እንደመረጥካቸው ገብቶኛል። ጋሽ መሸሻን የእድራችን ዳኛ ስለሆኑ እንዳፍራቸው፣ አባ ተክለሃይማኖትን የነፍስ አባቴ ስለሆኑ እንድፈራቸው፣ ባለሱቁን ጋሽ ኑሪን ደግሞ በክፉ ቀን ዱቄት በዱቤ ይሰጡኝ ስለነበር ውለታቸው እንዲይዘኝ። ጎበዝ ነህ። ግንብ ስትገነባም እንዲህ ብታስብ ኖሮ የአከራያችን የእትዬ ጸሐይ አጥር በመጀመሪያው ዝናብ ባልተደረመሰ።

ግቡ አልኳቸው፣ ወንበር አቀረብኩ። ገቡና ሦስቱም ቆመው ቀሩ። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ እሺታሽን ሳንሰማ አንቀመጥም፣ ውኃም አንቀምስም አሉ። ድሮ ቢሆን በዚህ ብቻ እሸነፍ ነበር። በዕድሜ የገፋ ሰው ቤቴ ቆሞ እያየሁ እምቢ የሚል አፍ አልነበረኝም። ወንበርም አልነበረኝ፤ ያኔ ቢመጡ ኖሮ የቆሙት በደንቡ ይሁን በእኔ እጦት አይለይም ነበር።

ጋሽ መሸሻ ጀመሩ። ተጸጽቷል አሉ። ወጣትነት አሳስቶት ነው አሉ፤ ስትሄድ ፀጉርህ መሸበት መጀመሩን ረስተውታል። ልጅ ያለ አባት ስታድግ አያምርም አሉ። ቀጥለው፣ አሁን ደግሞ እጅሽ ላይ ገንዘብ መግባት ስለጀመረ የሚያስተዳድርልሽ ወንድ ያስፈልግሻል፣ እሱም ይህን ሰምቶ ሐሳብ ገብቶታል አሉኝ። ይሄኔ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። ለክረምት ሥራ ነው ብለህ ከወጣህ ስንት ክረምት አለፈ? ያን ሁሉ ጊዜ ሐሳብ አልገባህም ነበር። አባ ተክለሃይማኖት እንዳጫወቱኝ፣ አንተ ዘንድ የደረሰው ወሬ ፈረንጆች ቤት ገዙላት፣ ሱቅም ከፈቱላት የሚል ነው።

እውነቱን ከእኔ ስማ። ማንም ቤት አልገዛልኝም። ዛሬም እትዬ ጸሐይ ግቢ፣ ጥለኸን በሄድክባት ክፍል ውስጥ ነን። አንድ ድርጅት ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉ እናቶችን ሲመዘግብ የእኔም ስም ገባ። ሃና የምትባል ልጅ ታብሌቷን ይዛ መጥታ ስንት ነገር ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ገንዘቡ በየወሩ በስልክሽ ይገባል፣ በፈለግሽው አውይው አለችኝ። በፈለግሽው ስትለኝ ተናደድኩ። በምትኩ ምን ልትወስዱብኝ ነው አልኳት። ጎረቤቱ ልጆቻችሁን ውጭ አገር ሊወስዷቸው ነው እያለ አስፈራርቶኝ ስለነበር ሊድያን ከዐይኔ አላርቃት ብዬ ሰነበትኩ። የመጀመሪያው ሲገባ እንኳ አላመንኩም። መልእክቱን ጋሽ ኑሪ ሱቅ ሄጄ አሳየኋቸውና እውነት ነው፣ አልሐምዱሊላህ በይ አሉኝ። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ብዙ አልነበረም። ለኪራይ፣ ለዱቄትና ለዘይት ሆኖ ትንሽ የሚተርፍ ነው። ያ ትንሽ ግን አንተም እኔም ያልጠበቅነውን አደረገልኝ፤ እምቢ ማለት አስቻለኝ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ኪራይ በዘገየ ቁጥር እትዬ ጸሐይ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተሰባቸውን ልብስ በሳፋ ሞልተው በሬ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። ክፈሉኝ የምልበት አንደበት ከየት ይምጣ? አጥቤ፣ አስጥቼ፣ አጣጥፌ እመልሳለሁ። በሌላው ቀን እንጦጦ ወጥቼ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክሜ እወርዳለሁ። ገመዱ ያሰመረው ትከሻዬ ላይ አሁንም አለ። ኪራዩን በጊዜው የከፈልኩ ዕለት ሳፋው እንደ ልማዱ መጣ። አንስቼ ደጃቸው መለስኩና፣ እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማጥበው በክፍያ ነው አልኳቸው። ግቢው ሁሉ ጠገበች አለ። ይበሉ። ስራብ ያላየኝ ሁሉ ስጠግብ እንዴት እንዳየኝ ይገርመኛል። የሰው ገንዘብ አመሏን ለወጠው የሚሉም አሉ። ውሸት ነው። አመሌ ድሮም ይኸው ነበር፤ ችግር አፉን ይዞት ነው እንጂ። አንተማ ታውቀዋለህ፣ መጀመሪያ የወደድክልኝ እሱን ነበር።

ከዚያ ቅጠል መሸከሙን ተውኩ። ዊንጌት፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ ጠዋት ጠዋት እርጥብ እሸጣለሁ። ዳቦው፣ ድንቹ፣ ከላይ ዳጣው። ዳጣዬን ብለው ከአዲሱ ገበያ የሚመጡ ተማሪዎች አሉኝ፣ አልዋሽህም። ዝናብ የጣለ ቀን እከስራለሁ፣ ደንብ አስከባሪ የመጣ ቀን ድስቴን አቅፌ እሮጣለሁ። ስለዚህ ተደላድላ ተቀምጣለች የሚልህን አትስማ። ሊድያ ስድስተኛ ክፍል ናት። ስትሄድ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። ሒሳብ ትወዳለች፣ ስትናደድ እንደ አንተ አፍንጫዋ ይቀላል።

ወደ ሽማግሌዎችህ ልመለስ። አባ ተክለሃይማኖትን ጠየቅኋቸው። አባቴ፣ ሲልካችሁ የልጁን ስም ጠርቷል ወይ አልኳቸው። ስንተኛ ክፍል ደረሰች ብሏል? ያ የደረት ሕመሟ ተሻላት ብሎ ጠይቋል? አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እውነቱን የተናገሩት ጋሽ ኑሪ ናቸው። ልጄ፣ በአላህ ስም አልዋሽሽም፣ የጠየቀን ስለ ገንዘቡ ነው አሉ። ጋሽ መሸሻ ተቆጧቸው፤ ልናስታርቅ መጥተን እንዴት እርስዎ ያፈርሳሉ አሏቸው። እኔም እዚያው ላይ መልሴን ሰጠሁ። አልታረቅም አልኩ። በሦስት ሽማግሌ ፊት፣ በእሑድ ምድር፣ እኔ።

እንግዲያው ከዚህ አንነቃነቅም አሉ። እኔም ይቁሙ ብዬ ለሰኞ የሚሆነውን ድንች መላጥ ጀመርኩ። ብልግና መሆኑን አውቃለሁ። እናቴ በሕይወት ኖራ ብታየኝ ፊቷን ትነጭ ነበር። እነሱ እንደቆሙ፣ እኔ እየላጥኩ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ብዙ ቆየን። በመጨረሻ የጋሽ መሸሻ ጉልበት ከእኔ ቀድሞ ታረቀ። ቀስ ብለው ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። የተቀሩትም ተከተሏቸው። ሻይ አፈላሁ፣ ጠጡ፤ ጋሽ ኑሪ ሳቃቸውን በብርጭቆው ከለሉ። ሲወጡ አባ መስቀል አሳለሙኝ። አልረገሙኝም፣ ይህን ተስፋ አድርገህ ከሆነ።

ሊድያ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አባዬ ሊመጣ ነው እንዴ አለችኝ። ለምን እምቢ አልሽ ብላ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን የአውቶብስ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብላ ነው የጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አባትሽ መምጣት የፈለገው ወደ ስልኬ ነው ልበላት? ወደ እኛ የሚመጣ መሆኑን እስካውቅ አላስገባውም አልኳት። እሺ ብላ ወደ ሒሳቧ ተመለሰች።

አሁን ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ያልነገርኳቸውን ልንገርህ። ለእትዬ ጸሐይም፣ ለእድርተኛውም አልተናገርኩትም፤ ቢያውቁ ነገውኑ እንደ ድሮው እኔን ማዘዝ ይጀምራሉ። ለምን ለአንተ እንደምነግርህ እኔም በደንብ አላውቀውም። ገንዘቡ ቆሟል። የተሰጠን ለአንድ ዓመት ነበር፣ ዓመቱ ከፋሲካ በፊት ሞላ። ጋሽ መሸሻ የሚያስተዳድርልሽ ወንድ ሲሉኝ የሚተዳደር ነገር አልነበረም። ያለሁት እኔ፣ ሊድያ፣ ድስቱና ዳጣው ነን። እሱም ቢሆን ያኖረናል፣ ለእምቢታዬም አላነሰም።

እስቲ አሁን ሽማግሌ ላክ።

ቁስቋም ማርያም በሄድክበት ትጠብቅህ። የምትቆምበት ርብራብ አይክዳህ፣ እግዚአብሔር የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። ላብህ ሳይደርቅ ንፋስ ላይ አትቀመጥ፣ ወገብህን ያምሃል።

የልጅህ እናት