የፕሮፌሰሩ ወንበርና የፍየላችን ቃጭል

ለምወድሽ እናቴ ለግራትሲያ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃውን ስትወጪ ቅዱሳኑን ሁሉ በየስማቸው እየጠራሽ ነው? የባሕሩ ነፋስ በርትቷል ሲሉ ሰምቻለሁና ደረትሽን ሸፈን አድርጊ። ወንድሜ ባኪስዮ እንዴት ነው? ፍየሎቹስ? ያቺ አጥር የምትዘለው ቀንዳም አደብ ገዛች? እኔ ከሙቀቱ በቀር ምንም አልጎደለብኝ። የላክሽልኝ ስስ ደረቅ ዳቦና አይብ ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። እዚህ ያሉት ሰዎች እንደሆኑ ዛሬም ዳቦ ውስጥ ጨው መጨመር አልተማሩም።

ዛሬ ወሬዬ ብዙ ነው፤ ቁጭ በይና ጎረቤታችን አሱንታ ጮክ ብላ ታንብብልሽ። በየዓመቱ «እዚያ ኮረብታ ላይ ተሰብስባችሁ የምትጨቃጨቁት ስለ ምንድን ነው?» ትይኛለሽ። እስቲ እነዚያን ሁለት ዳቦ ጋጋሪዎቻችንን አስቢያቸው። አንድ ፋሲካ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተማክረው ዋጋውን እኩል ሲሰቅሉት፣ አንቺ ሊጥሽን እቤትሽ አቡክተሽ እንዴት እንደረገምሻቸው ትዝ ይልሻል? የአውሮፓ የውድድር ሕግ የሚባለው ያ እርግማንሽ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ረዘመ እንጂ። ነጋዴ ከነጋዴ ጋር በጓሮ ተማክሮ ገበያ አይካፈል ነው ነገሩ።

ፕሮፌሰር ሎሬንዘንን ደግሞ በስም ታውቂያቸዋለሽ፤ እኚያ የላክሽውን ማር በማንኪያ የጨረሱት ጀርመናዊ። ይህን የኮረብታ ላይ ዐውደ ጥናት የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ዳኛውም፣ ሹሙም፣ ጠበቃውም፣ ምሁሩም በየጽሑፉ ሲሰዳደብ ከሚኖር በዓመት አንዴ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጥ ብለው ነው የጀመሩት። ሕጋቸውም ጥቂት ነው። ማንም ጽሑፉን አያነብም፤ ሁሉም ቤቱ አንብቦት ይመጣል። ከመናገሩ በፊት ደግሞ በጉዳዩ የማንን ዳቦ እንደሚበላ፣ ማን እንደሚከፍለው በግልጽ ይናገራል። ከዐሥር ደቂቃ ያለፈ ይደወልበታል። ድሮ ብርጭቆ በማንኪያ ሲመቱ ማን ይሰማቸው ነበር! በስልክ ነግሬሽ ስቀሽ ስቀሽ፣ የሞተችውን ፍየል ቃጭል ከአንገቷ ፈትተሽ የላክሽልኝ ያን ጊዜ ነው። ስንቱን ሹም፣ ስንቱን ዳኛ አፍ አስይዛለች መሰለሽ! ፕሮፌሰሩም ሁልጊዜ «እኔ ላይ የሚደውል የጠፋ ዕለት በሩን ዝጉት» ይላሉ።

ዘንድሮ እማዬ፣ ፕሮፌሰሩ ደከሙ። ሰማንያውን ካለፉ ቆይተዋል፤ ሐኪሙም ከዚህ ጉዞ በኋላ መንገድ ከልክሏቸዋል። በጸደይ ለሁላችንም ጻፉልን፤ ሰብሳቢነቱን የሚፈልግ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ቀርቦ ይናገር፣ ጠረጴዛው ይምረጥ፣ እውነተኛ ተፎካካሪ ከሌለ ግን ዐውደ ጥናቱ ከእኔ ጋር ይብቃ አሉ። እኔ ወንበሩን ፈልጌዋለሁ። ምን አሽኮረመመኝ! ወጣትነቴን የሰጠሁት ለዚህ ጠረጴዛ ነው፤ ሲዘጋ ቆሜ ማየት አልችልም።

ሌሎቹ ፈላጊዎች ሆላንዳዊው ዮሪስና ፈረንሳዊቷ ኦዲል ነበሩ፤ ሁለቱም ስማቸው የተጠራ መምህራን። በመጨረሻው ቀን ምሳ ሰዓት ከበለሱ ዛፍ ሥር ጠሩኝ። ዮሪስ ሐብሐብ እየቆረጠ፣ «ስሚ ጋቪና፣ ሽማግሌውን በስንብታቸው ቀን በፉክክር ማስጨነቅ ደግ አይደለም። እኛ ተነጋግረናል፤ ወንበሩ ለእኔ፣ በየዓመቱ የሚታተመው መጽሐፍ ለኦዲል፣ እንግዳ መምረጡ ላንቺ ይሁን። ማንም ማንንም አይቃወምም» አለኝ።

ወይ ጉድ! ወይኑ ትን ሊለኝ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህንኑ ሲከሱና ሲያስተምሩ የኖሩ ሰዎች እኮ ናቸው! «ለመሆኑ ዮሪስ፣ አሁን ያደረግከው ነገር ምን እንደሚባል ታውቃለህ?» አልኩት። «ጨዋነት ነዋ» አለኝ፣ ዐይኑን እንኳ ሳያሽ። ኦዲል ግን ገባት፤ አፏን በእጇ ያዘች።

መቼም በእኛ ሕግ፣ ከተማከሩት መካከል ቀድሞ መጥቶ ያጋለጠ ቅጣቱ ይቀርለታል፤ ሁለተኛው ይቀነስለታል፤ ሦስተኛው ዋጋውን ያገኛል። እኔ ብድግ ብዬ ወደ አዳራሹ አቀናሁ። ከኋላዬ የኦዲል ጫማ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። እኔም ሮጥኩ፤ እሷም ሮጠች፤ ዮሪስም የሐብሐቡን ቢላ እንደያዘ ተከተለን። በዚህ ዕድሜያችን በአትክልቱ ደረጃ ላይ ስንሽቀዳደም ብታዪን ኖሮ ጉልበትሽንም ትረሺው ነበር!

ቀድሜ ገባሁና ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ «ከመናገሬ በፊት፤ የማንንም ዳቦ አልበላሁም፣ ነገር ግን ምሳ ላይ ድርሻ ቀርቦልኛል» አልኩ። ኦዲል ከበሩ ላይ «ሁለተኛዋ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ዮሪስ ላቡን እየጠረገ «ለሦስተኛው ምን ቀረለት?» ሲል፣ ፕሮፌሰሩ «ሳህን ማጠብ» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዮሪስም ክፉ ሰው አይደለም፤ ማታ እውነትም እጅጌውን ሰብስቦ አጠበ።

ከዚያ ወዲያ ሳንተዛዘን ተፎካከርን። ዮሪስ ጥሩ ተናገረ፤ ልዋሽሽ አልችልም፣ አስጨንቆኛል። እጅ ሲቆጠር ግን ሁለቱንም በጥቂት በለጥኳቸው። እልል በይልኝ!

ፕሮፌሰሩ ቃጭሏን በእጄ አስይዘውኝ ከእንግዶቹ መካከል ቆሙና ስንብታቸውን ጀመሩ። ስለ መጀመሪያው ዓመት፣ ስለሞቱት ጓደኞቻቸው ተናገሩ፤ ያላለቀሰ የለም። ዐሥሩ ደቂቃ አለፈ። እሳቸውም ቀጠሉ። ሰዓቱን የሚያይ አልነበረም፤ እኔ አየሁት። አጠገቤ የተቀመጡት አረጋዊ ዳኛ እጄ ወደ ቃጭሏ ሲሄድ አይተው «ኧረ ተይ» ብለው ሹክ አሉኝ። ፕሮፌሰሩ ስለ በሩ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር ትዝ አለኝና ደወልኩባቸው።

ፕሮፌሰሩ ቃላቸውን በአፋቸው ይዘው ቀሩ። «ገና አልጨረስኩም እኮ» አሉ። «ጊዜዎ አልቋል፣ ፕሮፌሰር» አልኳቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም፤ «በቃ፣ አሁን ቤቴ መግባት እችላለሁ» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ።

በአዳራሹ የተነገረ በአዳራሹ ይቀራል የሚል ሕግ አለን፤ ስለዚህ ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ። አሱንታ አንብባዋለችና እስከ ማታ መንደሩ ሁሉ እንደሚሰማ አውቃለሁ።

አሱንታን ሳሚልኝ። ልጆቿን እያገላበጥሽ ሳሚልኝ። አክስቴ ፔፒናን ጸሎቷ ደርሶልኛል በያት። ባኪስዮን አንገቱን እቀፊልኝና ይህን ንገሪው፤ ፕሮፌሰሩ ጠዋት ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ያዙኝና እንደዚያች ያለች ቃጭል እንዳስልክላቸው ለመኑኝ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እቤታቸው ብቻቸውን ሲያወሩ ይውላሉ አሉ፤ በቃህ የሚላቸው የለም። ድምፀ ጥሩውን መርጦ ይላክልኝ።

ልጅሽ ጋቪና
ፊየዞሌ፣ ጁን 23 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.