ሐሙስን የማያልፈው ሰዓት

ስኬልበክ፣ ዮርክሻየር
ዓርብ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1957

የምወድህ ልጄ ሎውረንስ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት አለፈ። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ዛሬም ብዕሩን ካነሣሁ ወዲህ ሁለቴ ተነሥቼ በመስኮት አየሁ፤ ውጭ የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም። ሰሞኑን እንዲህ ሆኛለሁ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ፊደሉ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

ጤናዬ ደህና ነው። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላው እንደነበረ ነው። የትንሿን የሩትን ፎቶግራፍ ከምሠራበት ጠረጴዛ በላይ ሰክቼዋለሁ። ግንባሯ ያንተ ነው፤ አገጯን ግን ከእናቷ ከሞሪን የወሰደችው ይመስለኛል። ጥርስ አወጣች ወይ? አልጻፍክልኝም።

የሰዓት ጥገና ሱቁን ሸጬ በማርች መርከብ አንተ ወዳለህበት ወደ አደላይድ እንድመጣ የላክልኝን ወረቀት አንብቤዋለሁ። እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ፈርሜ እንድልከው ነው ያልከኝ። «አባባ ከሌለ ማን ሰዓት ያመጣልሻል? ብቻሽን እዚያ ብርድ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለሃል። በክፋት እንዳልጻፍከው አውቃለሁ። ያልከውም እውነት ነበር። ከአባትህ ቀብር ጀምሮ እስከ ኦክቶበር ድረስ በሱቁ በር የገቡት የእጅ ሰዓት ማሰሪያ የፈለጉ ሦስት ሰዎችና ከዝናብ የሸሸ ፖስተኛ ናቸው። ቁም ሰዓት ያለው ሰው ሁሉ ማሽኑን ከሣጥኑ አውጥቶ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ክራብትሪ ዘንድ ይወስዳል። ክራብትሪን ታስታውሰዋለህ፤ የላይኛው ከተማ ሰዓት ሠሪ፣ ሲስቅ በጥርሱ መሃል የሚያፏጨው።

በኦክቶበር ማብቂያ ላይ ጃቤዝ አይቭሰን መጣ፤ ከገደሉ ሥር በግ የሚያረባው። ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ሱቁን ዞሮ ዞሮ አየና የአባቱ ሰዓት በየሳምንቱ ሐሙስ ከምሳ በኋላ እንደሚቆም ነገረኝ። እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ይሞሉታል። ሰኞ ይሄዳል፤ ማክሰኞና ረቡዕም ይሄዳል፤ ሐሙስ ቀጥ ይላል። የሚወዛወዘውን ፔንዱለም በጣት ሲገፉት ትንሽ ይራመድና መልሶ ይቆማል። ዓርብ ሲገፉት ግን ምንም እንዳልነካው ይቀጥላል። ሽማግሌው ጆብ አይቭሰን ያረፉት ባለፈው ሜይ ሲሆን ቀኑም ሐሙስ ነበር። ስለዚህ የጃቤዝ ሚስት ሂልዳ ሐሙስ ሐሙስ ብቻዋን ማዕድ ቤት መግባት ትታለች። ክራብትሪ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም። እስከ ገና ካልተሠራ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ይሰጥ ብላለች ሂልዳ። ነጋዴው ደግሞ ጣሪያቸው ዝቅ ላለ ደንበኞቹ የሰዓቱን ሣጥን ከእግሩና ከአናቱ በመጋዝ እየቆረጠ የሚሸጥ ሰው ነው።

ክራብትሪ ካልቻለው ለምን እኔ ጋ እንደመጣ ጠየቅኩት።

«እናቴ ናት የላከችኝ» አለ። «ሩበን እኮ ሞቷል ብላት፣ ‹ስለ ሩበን ማን ጠየቀህ፣ ሂድና ለሚስቱ ስጣት› አለችኝ። እኔ ከእናቴ ጋር ተከራክሬ አላውቅም።»

ያን ዕለት ለራሴ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ይህ ሰዓት ኖቬምበር ሳያልቅ ሐሙስን ካለፈልኝ እዚሁ እኖራለሁ። ካላለፈ እፈርማለሁ፤ አንተም ትክክል ነህ ማለት ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መቀመጥ ያቃተኝ።

ሰዓቱን ቤታቸው ሄጄ አየሁት፤ አንተም ብታየው ትወደው ነበር። ሣጥኑ የኦክ እንጨት ነው፤ በሩ ዙሪያውን በጠባብ የማሆጋኒ ጠርዝ ተሸልሟል። ፊቱ ነጭ ቀለም የተቀባ ሲሆን በአራቱ ማዕዘን አራቱ ወቅቶች በሴት አምሳል ተሥለውበታል፤ ክረምቷ ሴት አፍንጫዋ ተልጧል። ማሽኑን ከነፊቱ ወደ ሱቅ አምጥቼ፣ ፊቱን አላቅቄ ገለበጥኩት። የዚህ ሙያ ሰዎች አንድን ሰዓት በጠገኑ ቁጥር ከፊቱ ጀርባ ስማቸውንና ዓመቱን በመርፌ ጭረው እንደሚተዉ ታውቃለህ። ከ1811 ጀምሮ ዘጠኝ ስም ቆጠርኩ። የመጨረሻው «ሩ. ትዌይት፣ 1951» ይላል። የአባትህን ጽሕፈት ታውቀዋለህ፤ የፊደሉን ጅራት እየጎተተ ነበር የሚጽፈው። ይኼኛው ደቃቅና ቀጥ ያለ፣ የእኔን የሚመስል ነው። በዚያ ዓመት አንተ ባሕር ላይ ነበርክ። አባትህ የሻይ ሲኒ በሁለት እጁ የሚይዝበት ዓመት ነበር። ፊቱን አጽድቼ ወደ ቦታው መለስኩት።

ማሽኑን ፈታሁት። መዘውሮቹን አጠብኩ፤ ሰዓቱን የሚያስኬዱት ክብደቶች የሚንጠለጠሉበትን ጅማት ቀየርኩ፤ ፔንዱለሙ የተሰቀለበትን ስስ ብረትም በአዲስ ተካሁ። መሞከሪያው ቋሚ ላይ ሰቅዬ ስምንት ቀን ሙሉ አስኬድኩት። ሐሙስንም ዓርብንም አለፈ። ጃቤዝ በላንድሮቨሩ ወስዶ፣ እኔም አብሬው ሄጄ ሣጥኑ ውስጥ መለስነው። ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፤ አልዋሽህም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቆመ።

ሂልዳ፣ «ክራብትሪ ቢያንስ ሲያቅተው ኬክ አይበላም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሁለት ቁራሽ በልቼ ነበር። ማሽኑን እንደገና ይዤ ተመለስኩና እንደገና ፈታሁት። ምንም ያልታመመውን ከራስ እስከ እግሩ ገነጣጥዬ አንዲት በትንሹ የተበላች ጥርስ አገኘሁ፤ እሷ ናት ብዬ ራሴን አሳምኜ ሞረድኳት። አየህ፣ እኛ ሁልጊዜ ማሽኑ ነው የምንለው። ሰው ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ስለሚያመጣልን ሕመሙንም ጠቅልሎ ያመጣው ይመስለናል። ቋሚው ላይ መልሶ ሳምንት ሄደ። ባለፈው ቅዳሜ መለስኩት። እሑድ ሞሉት። የቀረኝ አንድ ሐሙስ ብቻ ነበር፤ እሱም ትናንት ነው።

ትናንት በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድኩ። ጃቤዝ ከበጎቹ ጋር ገደሉ ላይ ነበር። ማዕድ ቤቱ ከጆብ ቀብር በኋላ እንደ አዲስ ተለስኗል፤ ወለሉም አዲስ የሊኖሊየም ምንጣፍ ተነጥፎበታል። አሮጊቷ ዳይና፣ የጃቤዝ እናት፣ ምድጃው አጠገብ ሹራብ እየሠራች ተቀምጣለች። የሰዓቱን ረጅም በር ከፍቼ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ፔንዱለሙን አየሁ። ሌላ ምንም አልሠራሁም። በውሃ ልክ ለካሁት፤ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ሂልዳ በኋላዬ ስትመላለስ በየጊዜው ሊቆም ነው ወይ ትለኛለች፤ አላውቅም እላታለሁ።

ከምሳ በኋላ ይሆናል አየሁት። ሁለቱ የእርሳስ ክብደቶች ከእሑድ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወርደው ከፔንዱለሙ ክብ ነሐስ ትይዩ ደርሰዋል። መጀመሪያ የግራው ክብደት በጣም በትንሹ ነቅነቅ አለ። ዓይኔ ነው አልኩ። ከዚያ የቀኙም ጀመረ። እየቆዩ ከፔንዱለሙ ጋር ወዲያና ወዲህ ማለት ያዙ። እነሱ ሲበረቱ ፔንዱለሙ እየደከመ፣ እየጠበበ መጣ። ጉልበቱን እያካፈላቸው ነበር፤ የሚተዉት ዓርብ ከነሐሱ አልፈው ሲወርዱ ነው። እጄን ሣጥኑ ጎን ላይ ሳኖር ሣጥኑ ራሱ ሲወዛወዝ ተሰማኝ፤ ለዓይን አይታይም፤ መዳፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። ተነሥቼ በትከሻዬ ደገፍኩት። ክብደቶቹ ቀስ በቀስ ረጉ። ፔንዱለሙም መልሶ ሰፋ።

ያኔ አንድ ነገር ታወሰኝ። ከዓመታት በፊት አባትህ የፋኖስ ብርጭቆ የጠቀለለበት ከሰዓት ሠሪዎች መጽሔት የተቀደደ ግማሽ ገጽ አግኝቼ ነበር። የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ከመጠቅለያና ከሣጥን ግርጌ። «በሱቅ መሞከሪያ ቋሚ ላይ ደህና ሄዶ በባለቤቱ ቤት ከሳምንቱ በአንድ ቀን የሚቆም ሰዓት ሲያጋጥም፣ ጠጋኙ ማሽኑን ትቶ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ተቀዷል። ማሽኑን ትቶ ምን? ስንት ጊዜ በልቤ ጨርሼዋለሁ፤ አንዱም ትክክል አልነበረም። ትናንት ትከሻዬን ሣጥኑ ላይ አድርጌ የቀረውን ግማሽ አነበብኩት፤ ሣጥኑን ይመልከት ነው።

ችግሩ መልቀቅ አልቻልኩም። ከለቀቅኩ ይቆማል፤ ከቆመ ሐሙስ አለቀ፤ የኔም ነገር አለቀ። ሂልዳ ጃቤዝን እንድታስጠራው ነገርኳት፤ እሱ ከገደሉ እስኪወርድ ድረስ ግን ደግፌ ቆምኩ። ክንዴ ደነዘዘ። ዳይና ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታየኝ ቆየች።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ሰዓት ነው የምትጠግኚው ወይስ ባል ነው የምትደግፊው?»

«ሁለቱንም ለምጃለሁ» አልኳት።

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመችና ለሂልዳ ሻይ እንድትሰጠኝ አዘዘቻት። ሂልዳ ሲኒውን አፌ ድረስ ይዛ አጠጣችኝ፤ ዳቦና ቺዝም በእጇ አጎረሰችኝ። በልጅነቴ ካልሆነ በስተቀር ሰው እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም። ድሮ ሰዓቱን ከግድግዳው ጋር የሚያይዘው ነገር ነበረ ወይ ስል ጠየቅኳት። ከጀርባው ሣንቃ የገባ ወፍራም የዛገ ብሎን ነበረ አለች። ግድግዳው ሲለሰን እሷው አስወልቃ ጣለችው፤ ዝገቱ አዲሱን ነጭ ያበላሽብኛል ብላ። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ እየቀነሰ መጣ።

«እንግዲያ አባባ ጆብ አልነበሩም?» አለችኝ።

«ብሎኑ ነው።»

ደስ ያላት አልመሰለኝም። ስድስት ወር የፈራችው ነገር የጣት ያህል ብረት ሆኖ ሲገኝ፣ ከፍርሃቱ ጋር ሌላም ነገር ሳይሄድባት አልቀረም። ሲኒውን ይዛ ሄዳ አጠበችው።

ጃቤዝ ሲመጣ ጭቃማ ቡትሱን እንኳ ሳያወልቅ ገባ፤ ሂልዳም ስለ ሊኖሊየሙ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከሣጥኑና ከግድግዳው መሃል ጣውላ አስገባን። እኔ እንደደገፍኩ እሱ በሰዓቱ በር በኩል እጁን ሰዶ በጀርባው ሣንቃ አዲስ ብሎን ግድግዳው ድረስ አሠረ። ከዚያ «ይልቀቁት፣ ወይዘሮ ትዌይት» አለኝ።

ወዲያው አልለቀቅኩትም። ሁለተኛም አለኝ። ለቀቅኩት።

አራታችንም ቆመን አየን። ክብደቶቹ አልተነቃነቁም። ፔንዱለሙ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። ሰዓቱ እስኪደውል ጠበቅን። ከደወለ በኋላ ዳይና ሹራቧን አነሣችና «በሉ ተቀመጡ፣ ጆብ በሕይወቱም እንዲህ ተከቦ አያውቅም» አለች።

በማታው አውቶቡስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ክራብትሪ ራሱ መጣ። ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃለህ። በሩ ላይ ቆሞ እያፏጨ፣ «አሁን ደግሞ በትከሻ ነው የምትጠግኚው አሉ» አለኝ። እጁ ላቃተው ሰው ትከሻም እንደሚበቃ ነገርኩት። ስለ ዝናቡ አወራ፤ ከዚያ ኮሌታውን እያስተካከለ የሐኪሙ ቁም ሰዓት ዓርብ ዓርብ እንደሚያስቸግረው ነገረኝ። ማክሰኞ አብሬው ሄጄ ላየው እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ፤ ላንተ ነገርኩህ፤ አደላይድ ሩቅ ነው። ከሰዓት በኋላም የጃቤዝ የአክስት ልጅ አንድ ማሽን በብርድ ልብስ ጠቅልላ መጣች። ብርድ ልብሱን ሳልፈታ በፊት ሰዓቱ የት እንደቆመና ከኋላው ምን እንዳለ ጠየቅኳት። እንደ እብድ አየችኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ ወረቀቱን ሳልፈርምበት በዚሁ ፖስታ መልሼልሃለሁ። በማርች መርከብ ላይ ቦታ አትያዝልኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ የሚያርፍ ነገር ውስጤ ያለ መስሎኝ ነበር። የለም። ተነሥቼ ምድጃውን ቆሰቆስኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ የሩትን ፎቶግራፍ አየሁ፣ መልሼ ተነሣሁ። እሷን ሳላቅፍ የምቀር ይመስለኛል፤ ይህን እያወቅኩ ነው የማደርገው። ላንተም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። «ከአባቴ ሱቅ አነስኩባት» እንዳትል። የአባትህ ሱቅ ስለሆነ አይደለም የቀረሁት። ሌላውን አንተው ታስበዋለህ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ አሳቢ ነህ።

ሞሪንን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ፀሐይ ላይ ባዶ ራስህን አትሥራ። እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅ፣ እጅህን ያበርታ፤ ልጅህንም በጤና አሳድጎ ቁም ነገር ላይ ያድርስልህ። ሩት አድጋ አያቴ የት ናት ብላ ስትጠይቅህ፣ አርጅታ ነው ወይም ፈርታ ነው አትበላት።

አያትሽ ሥራ ላይ ናት በላት።

እናትህ
አኒስ ትዌይት