ኪዳነ ከፊት ይምራን

ወንድሜ ዓለምሰገድ፣

ለንደን፣ ካምደን ሰፈራችን እንዴት ናት? ከቢሮ ልጆች ጋር የመጣሁበት የኢጣሊያ ደጋ መንደር ካርዱ ላይ የምታየው ነው። እንግሊዞቹ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው፣ ወፍራም ጫማ ገዝተው፣ ዳገት ሊወጡ ነው የመጡት። ማንም አላባረራቸውም።

ትናንት ጠዋት አለቃችን ጃኔት፣ «ኪዳነ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ከፊት ይምራን» አለች። እኔን ታውቀኛለህ፤ ሰፈራችን ባቡር ጣቢያ ኤስካሌተሩ ሲቆም ደረጃውን ፈርቼ አውቶቡስ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ግን የአገር ስም ነውና ደረቴን ነፍቼ ተፈተለክኩ። መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ ከዓይናቸው እንደተሰወርኩ ድንጋይ ላይ ተዘረርኩ። በዚያ የሚያልፉ አንዲት የመንደሩ አሮጊት ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ እጄን ይዘው ወስደው በሽቦ ገመድ ወደ ላይ የሚወጣው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

እነጃኔት ላብ በላብ ሆነው ጫፉ ላይ ሲደርሱ እኔ ሻይዬን ጨርሼ ነበር። አጨበጨቡልኝ። «ላብ እንኳ አልወጣውም፤ እነሱ እኮ በደማቸው ያለ ነገር ነው» ተባባሉ። በትሕትና አንገቴን ደፋሁ።

ቦታ አለቀብኝ። ዕፀገነትንና ልጆቹን ሳምልኝ። ለአበሻ ማኅበራችን ሰዎች አንደኛ መውጣቴን ንገራቸው፤ ውሸት አይደለም። አንተ ግን ጸልይልኝ። ነገ ትልቁን ተራራ እንድመራቸው መርጠውኛል፤ እዚያ ደግሞ ወንበሩ አይደርስም።

ኪዳነማርያም