ሻካራው ብረት

ምኒችል ሆዴ፣

እንደምን ሰነበትህ አልልህም፤ ሳትሰናበተኝ የሄድህ አንተ ነህና መጀመሪያ የእኔን ስማ። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። በቆሎው ደርሷል፣ ላሟ ወልዳለች፣ እኔ ደግሞ ዳሌዬ ውስጥ ብረት አስገብቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ከምንጭ ስመለስ አዳልጦኝ ወደቅሁ። ልጃችን ባሕር ዳር ወሰደችኝና የተሰበረው ወጥቶ በብረት ተተካ። ወንድምህ ጌትነት ሊጠይቀኝ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ ፈረደ። ብረትና አጥንት አይዋደዱም፣ ውሎ አድሮ ይላቀቃል አለ። ስለዚህ በእሱ ፍርድ ቤቱንና ጓሮውን ለእሱ ትቼ ፍኖተ ሰላም ልጃችን ዘንድ ልጦር ነው። አዛኝ ቅቤ አንጓች!

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ይነቀል ይሆን ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። ብረቱ ለስላሳ አይደለም አለኝ። አጥንት ውስጥ የሚገባውን ጎኑን ሆን ብለው ያሻክሩታል፣ አጥንት ራሱ በተሠራበት ዓይነት ማዕድንም ይለብጡታል። አጥንቱ እያደገ ሻካራው ውስጥ ገብቶ ይይዘዋል፣ ጊዜ ብቻ ስጪው አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ አንተ ትዝ ብለኸኝ ነው።

ይህን ቤት ስንሠራ ምርጊቱን በመዳፌ እንደ ቅል አለስልሼ ስጨርስ፣ መጥተህ በጣቶችህ ከላይ እስከ ታች ጫርኸው። የሰደብሁህን ስድብ አትረሳውም። አንተ ግን እጅህን እንኳ ሳትታጠብ፣ «ለስላሳ ግድግዳ ልስን አይዝም፤ ነገ ታመሰግኚኛለሽ» አልኸኝ። እስከ ዛሬ አላመሰገንሁህም፣ አሁንም አትጠብቅ።

ለብረቱ ጊዜ ሰጠሁት። መጀመሪያ በክራንች፣ ቀጥሎ በምርኩዝ፣ አሁን እጄን እያወዛወዝሁ ቡሬ ገበያ እወርዳለሁ። ሐኪሙም በራጅ አይቶ አጥንቱ ይዞታል አለኝ። ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል፤ ይህን ለጌትነት አልነገርሁትም።

ለሙት ዓመትህ ቤቱን እንደ አዲስ እየለሰንሁ ነው። ጭቃውን ጎረቤት ያቦካልኛል፣ የምለስነው ግን እኔ ነኝ። ጌትነት በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ቆሜ አየኝ። ቤት ለእንግዳ፣ ግባ አልሁት፤ አልገባም።

ከደጃፉ አጠገብ አሮጌውን ልስን ላነሣ ብል አልላቀቅ አለኝ። ታግዬ ስፈነቅለው ከሥሩ የጣቶችህ ጭረት ወጣ። እዚያው ቆሜ አለቀስሁ። ሌላውን ሁሉ እለስናለሁ፣ ያችን መዳፍ የምታህል ቦታ ግን አልነካትም። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ጣቶቼን እዚያ አስገባለሁ። ከዚህ ቤት የምወጣው ወዳንተ ስመጣ ብቻ ነው።

እልኸኛዋ ሚስትህ፣
ጥሩዬ