አጉድልለት ያልኩህ ቀን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን

ልጄ፣ ዓለሜ፤

ለማንም ነፍስ ሳልናገር ሠላሳ ዓመት የያዝኩት ነገር አለ። መጠጥን መጀመሪያ ያቀመሱህ የሰፈር ጓደኞችህ አይደሉም። እኔ ነኝ።

እንዴት ነህ? ማገገሚያው ውስጥ እንቅልፍ ይወስድሃል? ሚስትህ እጁ መንቀጥቀጡን ተወ ብትለኝ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርክ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከምሳ በኋላ የመጠጥ ጠርሙሱን ከአልጋው ሥር ሸጉጦ ያንቀላፋል። "ሂድ፣ ቀስ ብለህ አጉድልለት፤ ውሃ ጨምርበት። አንተን አይጠረጥርም" አልኩህ። እኔን ቢይዘኝ ምን እንደሚያደርገኝ ታውቃለህ። እንዳይሸተው ብዬም ቤት ውስጥም ደጅም እንዳትደፋው አስጠነቀቅኩህ። ታዲያ የት ትድፋው?

በሳምንቱ የትምህርት ቤት ሸሚዝህን ሳጥብ ኮሌታው ሸተተኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ያጠብኩ ሴት ነኝ፤ ጠረን አይጠፋኝም።

"የት ነው የምትደፋው?"

"ሆዴ ውስጥ! እዚያ አባዬ አያገኘውም።"

ጀግና የሆንክ መስሎህ ሳቅክ። እኔም ሳቅኩ። በማግስቱ ደግሜ ላክሁህ። ስካሩ ሲቀንስ የአባትህ ዱላ ቀለል ብሎልኝ ነበርና፣ እያወቅኩ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ሚስትህ "ማን ነው ያስጀመረው?" ስትለኝም "ጓደኞቹ" አልኳት። አንተ ረስተኸው ይሁን ለእኔ ብለህ ሸፍነኸው፣ እስከ ዛሬ ለመጠየቅ ፈራሁ።

እሑድ ቤትህ ሄጄ ነበር። ከልጅህ ጋር ሳህን እናጥባለን።

"አያቴ፣ አባዬ ሲመለስ ዘበኛዋ እኔ ነኝ!"

"የምን ዘበኛ?"

"ጠርሙስ ካመጣ አጉድዬ ውሃ እጨምርበታለሁ። እማዬ አሳይታኛለች። እኔን አይቆጣማ!"

ሳህኑ ከእጄ አመለጠ። ሚስትህ ከጓዳ፣ "ኧረ እማማ፣ ዛሬስ ሳህን ሊጨርሱብን ነው!" ብላ ሳቀች። ልነግራት አፌን ከፈትኩና፣ "እርጅና ነው ልጄ" ብዬ ስብርባሪውን ለቀምኩ። ክፉ ሆና አይደለም፤ የምታደርገው ቢጠፋት ነው። እኔም ጠፍቶኝ ነበር።

ማንበብ የተማርኩት ካንተ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ እለፈኝ። አፌ ያቃተውን እጄ ይጻፈው ብዬ ነው።

ይቅር በለኝ ለማለት ገና ነኝ። ልጅህን ብቻ ከጠርሙስ አጠገብ አርቃት። ለማጉደልም ቢሆን፣ ለመደበቅም ቢሆን እጇ አይንካው። ፈጣሪ ጤናህን ይመልስልህ፤ ቤትህን በእግርህ ያግባህ።

እናትህ

ነገ ሚስትህ ልትጠይቅህ ስትመጣ ወረቀቱን የማሲዘው ለእሷ ነው። ፖስታውን አላሸግኩትም፤ "መንገድ ላይ አንብቢው" እላታለሁ። ካንተ በፊት የሚደርሰው ለእሷ ነው፣ ለልጅህ እናት።