የቀዩ ሽቦ ነገር

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛ። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆቹ እንደምን ከረማችሁ? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ከእማዬ ሳልና ከአንተ ሽቦ በስተቀር ደህና ነን። ከፌርፋክስ ቶራንስ ድረስ፣ ለአንድ ሰዓት የመኪና መንገድ፣ ደብዳቤ በፖስታ መላክ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን ቴክስት ሳደርግልህ አውራ ጣት ብቻ ነው የምትመልስልኝ፤ በአውራ ጣት ደግሞ ቤት አይሞቅም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

ማሞቂያው ባለፈው ሳምንት እንደገና ቆመ። እማዬ ከሳንባ ምች ገና ማገገሟ ነው፤ ሐኪሟ ብርድ እንዳይነካት አስጠንቅቆናል። አንተ እንደ ልማድህ ሌላ ሰው እንዳታስነኪ፣ እኔ እመጣለሁ አልክ። ሰኞ አልክ፣ ሐሙስ አልክ። በዚህ መሃል የቤተ ክርስቲያናችሁ ሳውንድ ሲስተም ኬብል እንዴት አምሮ እንደተዘረጋ ፎቶ ላክህልኝ። እሰይ! የእናትህ ኮሪደር ላይ ያለው የማሞቂያ ቁም ሳጥን ግን ዶሮ የጫረው ይመስላል። ጋቢ ደራርባ ስትስል እየሰማሁ መቀመጥ አላስቻለኝምና ሰይፈሥላሴን ጠራሁት፤ የሠፈራችን ልጅ ነው፣ ላይሰንስ ያለው የማሞቂያ ቴክኒሺያን።

የቁም ሳጥኑን በር ከፍቶ አንገቱን አስገባ። ማሞቂያው ላይ የእማዬ ነጠላ ተሰጥቷል፣ መደርደሪያው ላይ ለአንተ የምታደርቀው ድርቆሽ በትሪ ተዘርግቷል፣ በመሃል የአንተ ሽቦ። ኦኬ፣ ይሄን ማነው ኮኔክት ያደረገው ብሎ ጠየቀኝ። ወንድሜ ነው አልኩት፤ አፈርኩብህ። እማዬ ግን አላፈረችም። ልጇ እጀ ብልህ መሆኑን፣ በመጣ ቁጥር እዚያ ውስጥ ገብቶ ሲለፋ እሷ በርጩማዋን አስጠግታ ባትሪ እያበራችለት ሲጫወቱ እንደሚያመሹ አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

ሰይፈሥላሴ ከድሮው ቴርሞስታት የቀረውን፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቀውን ሁሉ ቆርጦ አንድ እቅፍ ሽቦ አወጣ። ሽቦው ላይ የጠቀለልከውን ናስትሮህን ልጦ ልጦ ጣለው። የተረፉትን አስተካክሎ ግድግዳው ላይ አሰራቸው፣ በየጫፋቸውም ስማቸውን ለጠፈባቸው። ነጠላውንና ድርቆሹን እሳት ያስነሳል ብሎ አስወጣብን። እኔማ ደስ ብሎኝ ልዘምር ምንም አልቀረኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባው አለ። ማሞቂያውን ያቆመው ቀዩ ሽቦ ነው፤ ከቦታው ወጥቷል። ላልቶም ተቃጥሎም አይደለም አለኝ፤ በእጅ እየተጎተተ ነው፣ ጫፉ ከመውጣት ከመግባት ብዛት ሊበጠስ ደርሷል። ቤት ውስጥ ልጅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጅ እንደሌለ አንተም ታውቃለህ። ወደ እማዬ ዞር ስል ድርቆሿን እየሰባበረች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ያኔ ነው ነገሩን ወደ ኋላ ማሰብ የጀመርኩት። ለገና እመጣለሁ ብለህ የቀረህ ጊዜ ማሞቂያው ቆመ። የትንሿ ልጅህን ልደት እኛን ሳትጠሩ ያከበራችሁ ሰሞንም ቆመ። ባለፈው ነሐሴ ሰው ሁሉ በሙቀት ሲቀልጥ ማሞቂያው አልሠራ አለ ብላ ያስጠራችህስ ትዝ ይልሃል? አረጀች ብለን ሳቅንባት። እሷም አብራን ሳቀች። ከዚህ በላይ አልጽፍልህም።

ሥራው ሲያልቅ ከእንግዲህ አይበላሽም ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱም የማሞቂያውን ሽፋን በብሎን አጥብቄዋለሁ እማማ፣ ለአሥር ዓመት አያስቡ አላት። እጅህ ይባረክ ልጄ ብላ መርቃ ሸኘችውና ክፍሏ ገብታ ተኛች። ምሳም አልበላች። አሁን ቤቱ ሞቋል፣ ሳሉም ቀንሷል። ድርቆሽህን በፌስታል ቋጥራ የቁም ሳጥኑ በር ላይ ሰቅላዋለች፤ ና ውሰድ በዪው ግን አላለችኝም።

እሷን ልቆጣ አሰብኩ። በዚያ በታመመ ደረቷ! አፌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ የሁለታችሁንም ቁጣ አንተ ቻለው፤ ትልቅ ነህ።

ከእንግዲህ ማሞቂያ ተበላሸ ብዬ አልጠራህም። እሁድ ከአምልኮ በኋላ መኪናህን አስነስተህ ና። ካቻቢቴህን ቤትህ ተወው። በሩን ስትከፍትልህ ምን ተበላሽቶ መጣህ ብላ ትጠይቅሃለች። ምንም በላት።

ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ትንሿን ጉንጯን ንከስልኝ። ጌታ ቤትህን ይባርክልህ፤ ልጆችህንም ሳይጠሩ የሚመጡ ያድርግልህ።

ታናሽ እህትህ